በታናሹ ስም

ኢም ቦንግሱን ስትጽፍ ታዜም ነበር። ጣቶቿ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ሲሯሯጡ፣ ከንፈሯ ሳይከፈት፣ ከጉሮሮዋ ሥር አንድ ዜማ ይንቆረቆራል። የጀልባ ጡሩምባ ከወደቡ ተነሥቶ ሲያቋርጣት ዝም ብላ ታሳልፈውና ካቆመችበት ትቀጥላለች። ግጥሙ የራሷ ነው። በወጣትነቷ ወደብ ዳር ካለው የሙዚቃ ቤት ልትዘፍን ተነሥታ፣ አባቷ ጸጉሯን በመቀስ ሸልቶ ቤት አስቀመጣት። ጸጉሯ ተመልሶ አደገ፤ ድፍረቷ ግን አላደገም። ዜማው ብቻ እንደ ጥላ ተከትሏት እስከ ኮሪያ የወደብ ከተማ እስከ ሞክፖ ድረስ መጣ።

መርከቡ ሄደና ጭሱ ቀረ ለኔ፣
ማልቀስ የማያውቀው አለቀሰ ዓይኔ።

«እትዬ፣ ዛሬም መርከቡ ሄደ?» ይላታል ጄሆ ከማዶ ጠረጴዛ።

«ሄደ።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ሲሄድ! እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አይመለስም?»

«አንተ ሥራህን ሥራ፣ ታናሽ!»

ጊል ጄሆ እውነተኛ ስሙ የሚጠራው እናቱ ቤት ብቻ ነበር። ቢሮ ውስጥ ታናሽ ነው። እኛ ዘንድ የአንድ መሥሪያ ቤት ታናሽ ዕጣው የታወቀ ነው፤ ምግብ ቤት ሲገባ ማንኪያውን የሚደረድር እሱ፣ እሳቱ ላይ ያለውን ሥጋ የሚገለብጥ እሱ፣ ሌላው ሰው የሰለቸውን ነገር ሁሉ የሚሸከም እሱ። የመጠጥ ውሃ አቅራቢው በጄሆ ስም ተመዝግቧል። የመኪና ማቆሚያው በጄሆ ስም። አዲስ ነገር በተገዛ ቁጥር፣ ኮምፒውተሩ ስምና ስልክ ቁጥር በጠየቀ ቁጥር፣ አለቃው ታክ ቻንግሶፕ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «ታናሹ ይሙላው» ይላል። ጄሆም ይሞላዋል። ማንም ክፉ አላሰበም። ልማድ ነው፤ አባቶቻቸውም በየመሥሪያ ቤታቸው እንደዚያው ኖረዋል።

ቢሯቸው ከመረብ ሻጭ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስሙ ሙሉ ጨረቃ። ለብቻቸው ለሚኖሩ አረጋውያን የጥሪ ደወል ያከራያል፤ በአንገት የሚንጠለጠል፣ የሎሚ ግማሽ የሚያክል ነገር ነው። ሽማግሌው ወድቆ መነሣት ሲያቅተው ይጫነዋል፣ ቢሮው ውስጥ ሰሌዳው ላይ ቀይ ይበራል፣ ቦንግሱን ስልኩን አንሥታ፣ «አቤት አባባ፣ ምን ሆኑ?» ትላለች። ኪራዩን የሚከፍሉት ሴኡል ያሉት ልጆች ናቸው፤ በየወሩ ከካርዳቸው ይቆረጣል። ልጅ እናቱን በሩቅ የሚጦርበት አንዱ መንገድ ይህ ሆኗል።

ቦንግሱን ይህን ሥራ የያዘችው ለእንጀራ ብቻ አልነበረም። እናቷ ደሴት ላይ ብቻዋን ነበር የኖረችው፤ ማዕድ ቤቷ ወለል ላይ ወድቃ ሞተች። ያገኛት የባሕር አረም ሊገዛ የመጣ ሰው ነው። ቦንግሱን በጀልባ ስትደርስ የሩዝ ማብሰያው ገና እንደበራ ነበር፤ ውስጡ ያለው ሩዝ ከቀናት ብዛት ቢጫ ሆኗል፣ ማሞቂያው ግን ለማን እንደሚያሞቅ ሳያውቅ ያሞቃል። ያን ሽታ እስካሁን ሩዝ ስትከፍት ይመጣባታል። ከዚያ በኋላ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካውን ትታ እዚህ ገባች። የሰሌዳዋን መብራቶች የምታየው ሌላ ሰው የአትክልት ቦታውን እንደሚያየው ነው።

ቀድሞ ኪራዩን በስልክ እየደወለች ነበር የምትጠይቀው። በኋላ አለቃው በኢንተርኔት ክፍያ የሚሰበስብ አገልግሎት ተከራየ፤ ቢሮው ውስጥ «ሰብሳቢው» ይሉታል። ሰብሳቢው ማን እንደከፈለ ያውቃል፤ የደወሉ ሰሌዳ ግን አያውቅም። ሁለቱ የተለያየ ቤት ልጆች ናቸውና አይነጋገሩም። ስለዚህ በመሃላቸው ወሬ የሚያመላልስ ሌላ አገልግሎት ተጨመረ፤ ለዚህኛው ጄሆ «ድልድዩ» የሚል ስም አወጣለት። የከፈለው ሰው ወሬ በድልድዩ ተሻግሮ ይመጣል፣ ደወሉ እንደበራ ይቆያል። ወሬው ካልመጣ ሰሌዳው ደንበኛው እንዳቋረጠ ይቆጥርና ደወሉን ያጠፋዋል።

ድልድዩ ደግሞ ማንንም ዝም ብሎ አያሻግርም። ሰብሳቢው ቤት የሚገባው አንድ ሰው በስሙ ፈቃድ ሲሰጥ ነው፤ ወቅት በተለወጠ ቁጥርም ያንኑ ሰው ፈልጎ «አለህ?» ይለዋል። መኖሩን የሚያረጋግጠው በስልኩ በሚላክለት ስድስት አሃዝ ቁጥር ነው።

«የማን ስልክ ይግባ?» ብሎ ነበር ጄሆ የዚያን ዕለት።

«ታናሹ ይሙላው» አለ አለቃው፣ ጥርሱን እየፋቀ።

ጄሆ የገዛ ስልኩን አስገባ።

በረዶው በጠና ጥር ላይ፣ ዩዳል ተራራ ሥር ካሉት ቤቶች አንዱ ውስጥ የአንድ አዛውንት ደወል ባትሪው ደከመ። መንገዱ ደረጃ ነው፤ ደረጃው በረዶ ለብሷል። ቦንግሱን «ነገ ፀሐይ ሲወጣ ይሂድ» ብላ ነበር። አለቃው «ባትሪ ለነገ አይባልም» አለ። ጄሆ ጃኬቱን እየቆለፈ ሣቀ፣ «እትዬ፣ ተመልሼ ካልመጣሁ ከመርከቡ ጋር ቁጠሪኝ» አላት። ባትሪውን ለውጧል። የወደቀው ሲመለስ ነው። አዛውንቱ ድምፅ ሰምተው አዲስ ባትሪ የገባበትን ደወል ተጫኑት፤ ቦንግሱን ስልኩን ስታነሣ፣ «ልጅሽ ደረጃዬ ላይ ተኝቷል፣ አይነሣም» አሏት።

በለቅሶው ላይ የጄሆ እናት የአለቃውን ክራቫት ጨምድዳ ይዛ፣ «ልጄን በበረዶ ማን ላከው?» አለች። አለቃው ክራቫቱን አላቅቆ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ በምትነግድበት የዓሣ ገበያ በኩል ማለፍ ትቶ ዞሮ ይሄዳል።

የካቲት ገብቶ አንድ ሰኞ ቦንግሱን ኮምፒውተሯን ስትከፍት ድልድዩ እንዲህ የሚል መልእክት አኑሮ ጠበቃት፤ «ፈቃድዎ መታደስ አለበት። ፈቃጅ፦ ጊል ጄሆ። እስከ ዓርብ ካልታደሰ ግንኙነቱ ይቋረጣል።»

ስሙን ስታይ እጇ ከቁልፎቹ ላይ ተነሣ። ድልድዩ አልሰማም ነበር። ከተማው ሁሉ ሰምቶ፣ መረብ ሻጩ እንኳ አልቅሶ፣ ድልድዩ አልሰማም።

ሴኡል ወዳለው የድልድዩ ቢሮ ደወለች። ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ አነሣች።

«ፈቃጁ ራሱ ገብቶ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላል፣ እመቤት።»

«ልጄ፣ ሞቷል እኮ ነው የምልሽ።»

«ገብቶኛል፣ አዝናለሁ። ፈቃጁ መግባት ካልቻለ በሰነድ ይጣራል። ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል።»

«ዓርብ ነው የሚዘጋው! በዚህ መስመር የተንጠለጠሉ ሽማግሌዎች አሉ። አንዷ ዓይኗ አያይም፣ አንዱ እግር የለውም…»

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስልኩ አልተዘጋም?» አለች።

«እናቱ ጋ ነው።»

«እኔ አልነገርኩዎትም። ግን ድልድዩ የሚያየው ቁጥሩ መግባቱን ነው፤ ስልኩ ማን እጅ እንዳለ አያይም።»

ቦንግሱን ወደ አለቃው ዞረች። ሰምቷል፤ ጋዜጣ የሚያነብ መስሏል እንጂ።

«ሰሌዳውን በእጃችን ማብራት አንችልም?» አላት።

«የሰሌዳውም መክፈቻ በሱ ስም ነው።»

«ሌላስ?»

«ውሃውም በሱ ስም ነው፣ አለቃ። የሚጠጡት።»

«ታዲያ ሁሉንም ለምን በአንድ ልጅ ስም ታደርጋላችሁ?» ብሎ ጮኸ።

ቦንግሱን ዓይን ዓይኑን አየችው። ጩኸቱ መሃል ላይ ደከመና ሳል ሆነ። «አንቺ ሂጂ» አለ በመጨረሻ። «እኔን ካየች ቢላዋ ታነሣለች።»

የጄሆ እናት ሶን ማልጁ ገበያው መግቢያ ላይ በቀይ ሳፋ ውስጥ ሕያው ኦክቶፐስ፣ ባለ ስምንት እግሩን የባሕር እንስሳ፣ ትሸጣለች። ቦንግሱን ረቡዕ ከሰዓት ኮምፒውተሩን በጨርቅ ጠቅልላ ስትደርስ፣ ማልጁ አንዱን ኦክቶፐስ ከጨው ጋር እያሸች ታጥባለች፤ እግሮቹ ጓንቷ ላይ ይጠመጠማሉ፣ ትነቅላቸዋለች፣ ይጠመጠማሉ።

«ኦክቶፐስ ከሆነ አለ» አለች ቀና ሳትል። «ሌላ ከሆነ በመጣሽበት ተመለሺ።»

«እትዬ፣ ተቀምጬ ልንገርዎት?»

«ቆመሽ ያልቻልሽውን ተቀምጠሽ ትችይዋለሽ?»

ቦንግሱን የተገለበጠ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ድልድዩን፣ ሰብሳቢውን፣ ዓርብን፣ ደወሎቹን ሁሉ ነገረቻት። ማልጁ ኦክቶፐሱን ወደ ሳፋው ጣለችና ጓንቷን አወለቀች።

«ነገ ቤተ መቅደስ ነው። አርባ ዘጠኙ» አለች።

በቡድሃ እምነት እስከ አርባ ዘጠነኛው ቀን ድረስ የሟች ነፍስ ደጅ ደጁን ትዞራለች፤ በዚያ ቀን ልብሱ ይቃጠላል፣ ጫማው ይቃጠላል፣ «በቃ ሂድ» ይባላል። ካልተባለ አይሄድም።

«ወንድሜ ስልኩንም ዝጊ ብሎኛል። የሚጠራው ነገር ካለ እንዴት ይሄዳል ይላል። ነገ ጠዋት ልዘጋው ነበር።» ከፕላስቲክ ሽርጧ ኪስ ስልኩን አወጣች፤ ውሃ እንዳይነካው በትንሽ ላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሏል። «ግን ማን ይጠራዋል? ጓደኞቹ መጀመሪያ መጀመሪያ ይጽፉ ነበር። አሁን የተጠበሰ ዶሮ ግዛ፣ ብድር ውሰድ ብቻ ነው። ስሙን የሚጠራ የለም።»

«ድልድዩ ይጠራዋል።»

«ኮምፒውተር ነው አላልሽኝም?»

«ነው። ስሙን ጽፎ ነው ግን የሚጠይቀው። ጊል ጄሆ አለህ ወይ ነው የሚለው።»

የማልጁ ፊት ተለወጠ። ቦንግሱን ያን ፊት አስቀድማ ብታየው ኖሮ ምናልባት ሌላ ቃል ትመርጥ ነበር።

«ልጄ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው» አለች ማልጁ በዝግታ። «ያ ሁሉ ሽማግሌ ደወሉ የሚበራው በሱ ቃል ነው።»

«በሱ ቃል ነው፣ እትዬ።»

«ላኪው እስቲ።»

ቦንግሱን ኮምፒውተሩን ጉልበቷ ላይ ከፍታ ተጫነችው። ስልኩ ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ ተንቀጠቀጠ። ማልጁ እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ያዘችው። ስድስቱ አሃዝ በርቶ ይታያል፤ በድልድዩ ገጽ ላይ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ወደ ታች መቆጠር ጀመረ። ማልጁ አውራ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ሸፈነችው።

«ስሙ ይቆያል?»

«እትዬ፣ ሰዓቱ…»

«ቁጥሩን ካነበብኩልሽ ስሙን አታጠፉትም? በየወቅቱ ይጠይቀዋል? ንገሪኝ። ይቆያል ካልሽኝ ስልኩን አልዘጋውም። እኔ አነብላችኋለሁ፤ እስክሞት አነብላችኋለሁ።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ሴትዮ! ኦክቶፐሱ አመለጠ!» ብላ ጮኸች፤ እውነትም አንዱ ከሳፋው ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ እየተሳበ ነበር። ማልጁ ዞራ አላየችውም። ቦንግሱን ዓይነ ስውሯን አሰበች፣ እግር የሌለውን አሰበች፣ ቢጫውን ሩዝ አሰበች።

«ይቆያል» አለች።

ማልጁ ጣቷን አነሣች። አንድ በአንድ፣ ትምህርት ቤት እንደገባ ልጅ ጮክ ብላ አነበበች። ገጹ አረንጓዴ ሆነ። ፈቃዱ ታደሰ።

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ቦንግሱን እዚያ ላይ ብታቆም ያለችው ቃል እውነት ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ስልኩን አየችው፤ ጨው ውሃ፣ ሳፋ፣ ያረጀ ባትሪ። ይህች ሴት ብትታመምስ? ስልኩ ሳፋው ውስጥ ቢገባስ? ዓይኗ እያየ እጇ «ፈቃጅ ቀይር» የሚለውን ተጫነ። የራሷን ስም ጻፈች። ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ።

«ሌላ መጣ» አለች ማልጁ።

«እሱም ያስፈልጋል።»

ማልጁ አነበበች። ሁለተኛው ቁጥር ምን እንደሚያደርግ አልጠየቀችም፤ መነጽሯም በእንፋሎት ተጋርዶ ነበር። ሲያልቅ ያመለጠውን ኦክቶፐስ ከመሬት ለቅማ፣ አጥባ፣ በላስቲክ ቋጥራ ለቦንግሱን ሰጠቻት።

«ውሰጂ እህቴ። ክፈይ ብዬ አልልሽም። የልጄን ስም ይዘሽልኛል።»

ቦንግሱን ኦክቶፐሱን ወደ ቤት አላደረሰችውም። ወደቡ ጫፍ ላይ ቆማ ቋጠሮውን ፈታችና ወደ ባሕሩ ለቀቀችው።

በማግስቱ ቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ የጄሆ ጃኬት ተቃጠለ፣ ጫማው ተቃጠለ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙ ተቃጠለ። ስልኩ አልተቃጠለም፤ መስመሩም አልተዘጋም። የማልጁ ወንድም ተቆጣ ይባላል። «ልጄ ሥራ አለው፣ ገና አይሄድም» አለችው ይባላል።

ቢሮ ውስጥ አለቃው ደስታውን የሚያደርግበት አጥቶ እራት ጋበዘ። ሁለቱ ብቻ የአሳማ ሥጋ ቤት ገቡ፤ እሳቱ ተቀጣጠለ፣ ሥጋው መጣ፣ መቆንጠጫውን የሚያነሣ ሰው ጠፋ። አለቃው ቆይቶ መቆንጠጫውን ወደ ቦንግሱን ገፋ አደረገው።

«ምን ይደረግ፣ አሁን ታናሿ አንቺ ሆንሽ!» ብሎ ሣቀ።

ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሥጋውን ገለበጠች። አልበላችም።

ከዚያ ወዲያ ስትጽፍ ማዜሟ ቀረ። የጀልባው ጡሩምባ መጥቶ ያልፋል፣ የሚያቋርጠው ነገር የለም። አለቃው አንድ ቀን «ዝም አልሽ እኮ» አላት። «ጉሮሮዬን አሞኝ ነው» አለችው። ማልጁን ላለማግኘት እሷም እንደ አለቃዋ ገበያውን ዞራ መሄድ ጀመረች። አንዳንድ ማታ ልትነግራት ትነሣና ጫማዋን አጥልቃ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። ያደረገችው ትክክል ነበር፤ ይኸው ነው የሚያሳዝነው። ደወሎቹ በርተዋል። ዓይነ ስውሯ ሴትዮ ወድቃ፣ ተጭና፣ ተነሥታለች። ማንንም አልጎዳሁም ትልና ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ እርጥብ እንጨት ይጨሳል።

ስምህን ብጠራው ዝም አለኝ ወደቡ፣
ጉሙ መለሰልኝ ከባሕሩ ልቡ።

ይህን የገጠመችው በዚያ ወራት ነው። ለማንም አላዜመችውም።

ግንቦት ሲገባ ኮረብታው ላይ የግራሩ አበባ ነጭ ሆኖ ወረደ፤ ሽታው የቢሮውን መስኮት አልፎ ይገባል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ደረጃው ላይ ከባድ ትንፋሽ ተሰማ። በሩ ተከፈተና ማልጁ ገባች፤ ሽርጧን አላወለቀችም፣ የጎማ ጫማዋ ውሃ ያንጠባጥባል። ቀኝ እጇ ጓንት አለው፣ ግራው የለውም። ጓንት የሌለው እጅ አብጧል፤ ጨው የበላው ቆዳ ተሰነጣጥቆ ደም ይታያል። ስልኩን በዚያ እጅ ይዛዋለች። አለቃው ገና ድምፅዋን ሲሰማ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ስንቱን ሰው ገደልኩ?» አለች ማልጁ።

«ምን?»

«ቁጥሩ አልመጣም። ወይ መጥቶ አምልጦኛል። ባለፈው ሳምንት ነበር መምጣት የነበረበት አይደል? ጓንት አውልቄ ነው የምሠራው፣ በጓንት አልነካ ይላል። ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው። ባትሪው እንዳያልቅ ገበያው ውስጥ ሽቦ አስጎትቻለሁ። አልመጣም።» ትንፋሽ አጠራት። «ዛሬ እላይ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ሞቶ ተገኘ አሉ። ብቻውን ነበር አሉ። ደወሉ ጠፍቶበት ነው? እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ነኝ?»

ቦንግሱን ተነሣች። እጇን ልትይዛት ሄደችና ያን እጅ ስታይ የት እንደምትነካው አጣች።

«እትዬ፣ የኛ ደንበኛ አይደለም። ደወል አልነበረውም። ደወሎቹ ሁሉ በርተዋል፤ ያውና፣ ሰሌዳውን ይዩት።»

ማልጁ ሰሌዳውን አየች። ትከሻዋ ወረደ። ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ የተቀመጠችው ጄሆ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ነው፣ አላወቀችም።

«እንዴት በሩ ታዲያ? ማን ቁጥሩን ሰጣችሁ?»

አሁንም ሌላ ቃል ይቻል ነበር። «ድልድዩ ዘንድሮ ዘግይቷል» ማለት ይቻል ነበር። ማልጁ ታምናለች፤ ወደ ገበያ ትመለሳለች፤ ያ እጅ ያለ ጓንት ጨው ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ እስክትሞት። ቦንግሱን እጁን እንደገና አየችው።

«ቁጥሩ ለኔ ነው የሚመጣው» አለች። «ያን ዕለት ሁለተኛ ያነበቡልኝ ቁጥር… የልጅዎን ስም የሰረዝኩበት ነበር። በኔ ስም አደረግሁት። ለርስዎ ካሁን በኋላ አይመጣም። ይቆያል ያልኩዎት ውሸት ነው።»

ከታች መረብ ሻጩ ከሆነ ሰው ጋር ዋጋ ይከራከራል። ዕቃ ክፍሉ ውስጥ አለቃው ሳሉን አፍኖ ያዘ።

ማልጁ መነጽሯን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ በልብሷ ጠረገችና «አሳዪኝ» አለች። ቦንግሱን የድልድዩን ገጽ ከፈተችላት። ማልጁ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠግታ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ «ፈቃጅ፦ ኢም ቦንግሱን።» የልጇን ስም ከላይም ከታችም ፈለገችው። የለም።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከዚያው ዕለት።»

«ከአርባ ዘጠኙ በፊት ባለው ቀን።»

«አዎ።»

«ልብሱን ሳቃጥል ሥራ የለውም ነበር ማለት ነው። ሥራ አለብህ፣ አትሂድ ብዬ የያዝኩት ልጅ ሥራ አልነበረውም።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ይሄን ሁሉ ወር ደጅ አቆምኩት።»

«እትዬ…»

«እትዬ አትበይኝ።» ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች። «ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ወንድም? እህት?»

«ማንም የለኝም።»

«ታዲያ አንቺ ስትሞቺ ቁጥሩን ማን ያነብላቸዋል?»

መልሱን አልጠበቀችም። ግድግዳውን እየተደገፈች ደረጃውን ወረደች። ቦንግሱን ልትከተላት ስትል ከታች «ቅሪ!» የሚል ቃል መጣ፤ ቀረች። ወደ መስኮቱ ሄደች። ከመንገዱ ማዶ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ፣ የስልክ መስመር የሚሸጥበትና የሚዘጋበት ትንሽ ሱቅ አለ። ማልጁ በቀጥታ እዚያ ገባች። በመስታወቱ በኩል ወጣቱ ሻጭ ማስቲካ እያኘከ ሲጠይቃት ይታያል፤ አንድ ነገር መለሰችለት። ማኘኩን አቆመ። ተነሥቶ ወገቡ እስኪታጠፍ ሰገደላት፤ ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞረ።

ረጅም አልፈጀም። ማልጁ ወጥታ አስፋልቱ ዳር ቆመች። ስልኩ እጇ ላይ ነው፤ ታየዋለች፤ የሚጠራውም የሚጠራበትም የለም። አበባው ከኮረብታው እየተነሣ ጸጉሯ ላይ ያርፋል። አንገቷን ቀና አድርጋ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታየ፤ ምን እንዳለች ከዚህ አይሰማም። አጭር ነበረ። ያኔ በአርባ ዘጠኙ ሳትለው የቀረችው ሁለት ቃል ቢሆን ነው።

ያኔ ሰሌዳው ቀይ በራ። ቦንግሱን ስልኩን ለማንሣት ከመስኮቱ ዞረች።

«ሙሉ ጨረቃ ነው። አቤት እማማ፣ ምን ሆኑ?»

ደሴት ላይ ያሉ አሮጊት ነበሩ። ምንም አልሆኑም፤ ነፋሱ በሩን ሲመታው ሰው የመጣ መስሏቸው ነው። ቦንግሱን ነፋስ መሆኑን ነገረቻቸው፤ ደግማ ነገረቻቸው፤ እስኪረጋጉ አብራቸው ቆየች። ስልኩን ዘግታ መስኮቱ ጋ ስትመለስ አስፋልቱ ዳር ማንም አልነበረም። ወደ ገበያው ትሂድ ወደ ቤተ መቅደሱ፣ ያየ ሰው አልተገኘም።